ላጲስ

የነጂባ ኮምፒውተር ሦስት ቀን ሙሉ ሲወድቅ፣
ሰማያዊ ፊቱን ገልጦ እኛን ሲያስጨንቅ፣
መጀመሪያ የወቀስኩት መብራት ኃይልን ነው፤
ባለቤት ያጣ ጥፋት ሁሉ ማደሪያው እሱ ጋ ነው።

ሁለተኛ ሙቀቱን። ግንቦት አይደል? የቀትር እሳት፣
የከዚራ ዛፍ ለራሱም ጥላ የሚያጣበት ሰዓት።
የጎኑን ክዳን ፈትቼ፣ ቬንትሌተር ደግኜ፣
"ይኸው ቀዘቀዘ" አልኩ፣ እጄን አራግፌ፣ ታምኜ።
የሳቢያኗ ሙሽራ ቢላው ላይ እጇ እንዳለ፣
ኬኩ ሳይቆረስ ወደቀ። ስክሪኑ ሰማይ መሰለ።

ሦስተኛ ቫይረስ አልኩ። አራተኛ ዊንዶውስ አልኩ፤
እሱንም ከነሥሩ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ።
አምስተኛ ነጂባን፤ "ምን ነካክተሽ ነው?" አልኳት።
ዝም ብላ አየችኝ፤ ቪዲዮው ለዓርብ ነው የተቀጠረባት።

የቀረው አንድ ነገር ነው፣ ልጠራው የፈራሁት፦
ባለፈው ሰኞ በገዛ እጄ የጨመርኩት
ስምንት ጊጋ ሚሞሪ፣ ከታይዋን ገበያ፣
ከሐምዲ ሱቅ፣ ከሽቶው ተራ ወዲያ።
ጥፋቱ ወደ እኔ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው፣
አንስቼ ለሐምዲ አቀበልኩት፣ እሱ ይቻለው።

ባጃጅ ይዤ ብደርስ ሱቁ ጢም ብሏል በሰው።
ደስ አለኝ፤ ነውርን ሕዝብ ነው የሚፈርደው።
"አሮጌ ሸጥክልኝ!" አልኩት፣ "ታጥቦ የታሸገ!"
ሐምዲ ካርቶኑን አገላበጠ፤ መከራከር አልፈለገ።
"አምጪውና አየዋለሁ፣ አቦ፣ ተረጋጊ" አለኝ።
የድሬ "አቦ" እንኳ ያን ቀን አላቀዘቀዘኝ።

ሌሊት፣ ሰዉ ፍራሹን በረንዳ አውጥቶ ነፋስ ሲጠብቅ፣
ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፣ ክሴን ላጠብቅ።
አዲሱን ነቀልኩ፤ ሠራ። "አላልኩም?" አልኩ፣ ከትከት ብዬ።
ለደንቡ ያህል አዲሱን ብቻ ሰካሁ፣ አሮጌውን ነቅዬ።
እሱም ሠራ። ሙሽራዋ ኬኩን ቆረሰች፣
አጎረሰች፣ ጎረሰች፣ እስከ ጭብጨባው ደረሰች።

ሳቄ ቆመ። ሁለቱም ለየብቻ ከዳኑ፣
ታዲያ በምን ይታመማሉ ጎን ለጎን ሲሆኑ?
አሮጌውን ሰባት ዓመት ከኖረበት አንስቼ፣
ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ብቻውን አስገብቼ
ቁልፉን ተጫንኩ።
ወደቀ።
ታማኙ፣ ነባሩ፣ ማንም ያልጠረጠረው ወደቀ።

ባትሪ አበራሁበት። ማስገቢያው ጠባብ ስንጥቅ፣
ሰባት ዓመት ማንም ሳይገባበት ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣
የደቻቱን አሸዋ፣ ያንን ዱቄት የመሰለ፣
ትንሽ በትንሽ ሲያጠራቅም ኖሯል፣ እንግዳ ስለሌለ።
ሚሞሪውማ ንጹሕ ነበር፤
የታመመው ያልተቀመጡበት ወንበር።

የልጄን ቦርሳ በርብሬ ላጲስ አወጣሁ፤
የሚሞሪውን የወርቅ ጥርሶች አንድ በአንድ አሸሁ።
ስንጥቁን በቀለም ብሩሽ ጠርጌ፣ በስሱ እፍ አልኩ፤
ይገርማል፣ እንዲያስታውስ ብዬ በማጥፊያ ፈተግኩ።
ሁለቱን ጎን ለጎን ሰካሁ፣ ጠቅ እስኪሉ ተጭኜ፤
ሙሽራዋን ሰባት ጊዜ ዳርኳት እስኪነጋ፣ ብቻዬን ሚዜ ሆኜ።

አልወደቀም። ነጂባ ሐሙስ ማታ መጣች፤
"ይቅርታ" ብላት፣ "ከሒሳቡ ላይ ቀንሺልኝ" ብላ ሳቀች።
ቀነስኩ። የሐምዲ ግን ከምን ላይ ይቀነሳል?
ሰው ፊት የወረደ ስድብ፣ ሰው በሌለበት ይነሳል?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ እስኪሞላ ጠብቄ ሄድኩ፤
"አቧራ ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።"
ሐምዲ ከባንኮው ሥር አንዲት እሽግ አወጣ፤
"አዲስ ነው፣ ትናንት ሌሊት ከጅቡቲ የመጣ፤
ምናልባት ልክ ብትሆኚስ ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር።
ውሰጂው፣ አቦ" ብሎ ወደ ሌላ ገዢ ዞር።

እሽጉን እስካሁን አልፈታሁትም፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ፤
ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስከፍት አቧራውን እጠርግለታለሁ።